በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላለ አሮጌ ቤት የአየር ቱቦ ማስጠረግ ይበጃል ወይ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሚኖሩት በሐዋሳ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ወላጆቻቸው በደርግ ዘመን በሠሩት የብሎኬት ቤት ነው። ቤቱ ለጥቂት ዓመታት በእንግዳ ማረፊያነት ተከራይቶ ሳለ ተከራዩ ከኮርኒሱ በላይ የላሜራ ቱቦ ዘርግቶ፣ አራት ክፍሎችን በአንድ ላይ የሚያቀዘቅዝ ኤሲ አስገብቶበታል። አሁን ቤተሰቡ ተመልሶ ገብቷል። ኤሲው በተከፈተ ቁጥር የሻጋታ ሽታ ይመጣል፣ በአየር መውጫዎቹ ዙሪያ ኮርኒሱ ጠቁሯል፣ አስም ያለባቸውን እናታቸውን ደግሞ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ሳል እያስቸገራቸው ነው። አንድ የጽዳት ድርጅት ቱቦውን በአንድ ቀን ጠርጎ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት እንደሚረጭላቸው ነግሯቸዋል። «ላሠራው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በቅድሚያ ለእናትዎ ምሕረቱን ይላክልን። መልሴን ሳላዘገይ ልስጥዎ፦ አሁን አያሠሩት። ቱቦው ውሎ አድሮ መጠረጉ አይቀርም፤ ነገር ግን ያንን ሻጋታ የሚያጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅና ሳይደርቅ ቢጠረግ፣ ገንዘብዎን ከፍለው የሚያገኙት ጥቂት ወራት የሚቆይ ንጹሕ ቱቦ ብቻ ነው። መርጨቱን ግን አሁንም ሆነ ኋላ ባይስማሙበት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

የሻጋታ ዘር በየትኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ፤ በሐዋሳም በአዲስ አበባም፣ በአዲስ ቤትም በአሮጌ። ምግቡ አቧራ፣ ወረቀት፣ እንጨትና ቀለም ስለሆነ ምግብ አጥቶ አያውቅም። የሚጎድለው ውሃ ብቻ ነው። ደረቅ ቱቦ ውስጥ የተኛ አቧራ ለዓመታት ቢቀመጥ አይሻግትም፤ እርጥብ ቱቦ ግን ትናንት ተጠርጎ እንኳ ዛሬ የገባበት ስስ አቧራ ለሻጋታው ይበቃዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ለባለቤቶች ባወጣው መመሪያ፣ የቤት አየር ቱቦን መጥረግ በራሱ የጤና ችግርን እንደሚከላከል በማስረጃ እንዳልተረጋገጠ ገልጾ፣ ጠረጋው የሚመከረው ቱቦው ውስጥ በዓይን የሚታይ ሻጋታ ሲኖር፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲሰፍሩበት፣ ወይም ቱቦው በአቧራና በፍርስራሽ ታፍኖ ያንኑ ወደ ክፍሉ ሲተፋ መሆኑን አስፍሯል። በየዓመቱ እንደ ልማድ የሚደረግ ነገር አይደለም። በእርስዎ ቤት ከእነዚህ ምልክቶች ቢያንስ የመጀመሪያው ያለ ይመስላል፤ ያው መመሪያ ግን የሻጋታው መነሻ ካልታረመ ሻጋታው ተመልሶ እንደሚመጣም ይናገራል። እኔም በሥራ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው።

እንደ እርስዎ ባለ ቤት ውሃ የሚመጣባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው፣ በጣም የተለመደውና ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፣ የቱቦው ራሱ ማላብ ነው። ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱ ውጭውን የሚያልበው ውሃው በጠርሙሱ ውስጥ ስላለፈ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሲነካ ጤዛ ስለሚጥል ነው። ክፍሉ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 70 በመቶ ቢሆን፣ ያ አየር 18 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ነገር ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። ከኤሲ የሚወጣው አየር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ከኮርኒስ በላይ ያልተሸፈነ ላሜራ ካለ ያልበዋል፤ ጥርጥር የለውም። ቱቦው በፋይበር ግላስ ጥጥ የሚጠቀለለው፣ ጥጡም ላዩ በአሉሚኒየም የሚለበሰው ለዚሁ ነው። ጥጡ ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ አሉሚኒየሙ ደግሞ እርጥቡ አየር ወደ ላሜራው እንዳይደርስ ይከለክላል። አሉሚኒየሙ አንድ ቦታ ከተቀደደ እርጥበቱ በዚያ ገብቶ ጥጡን ያርሰዋል፤ የራሰ ጥጥ ደግሞ መሸፈኛነቱ ይቀርና ውሃ አቋሪ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ከተማ በአንድ መኖሪያ ቤት የኮርኒሱን መውጫ ከፍቼ በባትሪ ስመለከት፣ ቱቦው ቀጥ ብሎ በሄደበት ሁሉ በደንብ ተጠቅልሎ ነበር። ቱቦው በሚታጠፍበት ክርን ላይና ከእንጨቱ ጋር በሽቦ በታሰረበት ግን ጥጡ አልደረሰም፤ ለመጠቅለል የሚያስቸግረው እዚያ ስለሆነ ሠራተኛው ዘሎታል። በእያንዳንዱ ክርን ሆድ ሥር ጠብታዎች ተሰልፈው ነበር። እጄን ሳሳርፍበት ላሜራው እንደ ምንጭ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ያለው ችፑድ አብጦ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ጥቁሩ ክብም በትክክል ከክርኑ ሥር ነበር። የቤቱ ባለቤቶች ጣሪያው እያፈሰሰ ነው ብለው ሁለት ጊዜ ቆርቆሮ አስቀይረው ነበር። በአየር መውጫዎ ዙሪያ ያለው ጥቁረት ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ መውጫውን ብቻ የከበበ ከሆነ፣ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የኤሲው ሳህን ነው። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ከአየሩ ውስጥ ውሃ ያወጣል፤ ያ ውሃ ከኮይሉ፣ ማለትም አየሩን ከሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅል፣ ሥር ባለ ሳህን ተጠራቅሞ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ መፍሰስ አለበት። ሳህኑ ወደ መውጫው ማዘንበል ሲገባው ወደ ሌላው ጎን ካዘነበለ፣ ወይም ቀጭኑ ቱቦ በአተላ መሳይ ነገር ከተደፈነ፣ ውሃው እዚያው ይቆያል፤ ከላዩ የሚነፍሰው አየርም ሽታውን ይዞ ወደ አራቱም ክፍሎች ይሄዳል። ኤሲው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሽታው በርትቶ ኋላ የሚለዝብ ከሆነ ሳህኑንና ኮይሉን ይጠርጥሩ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት የአንድ ማረፊያ ቤት ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ጠርጌ አስረክቤ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ሽታው ተመልሶ መጣ። ሳህኑን ከፍቼ አላየሁም ነበር፤ ሁለት ጣት የሚያህል አረንጓዴ ውሃ ተኝቶበት ነበር። የእነዚያን ሰዎች ሥራ በነጻ ደግሜ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሳህኑን ሳላይ ቱቦ ነክቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ከላይ የሚመጣው ነው። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው ራስ ላይ ይፈስሳል፤ የቆርቆሮው ምስማር ሲላላም እንዲሁ። ነገር ግን በእኛ ከተማ ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት ኮርኒስ ላይ ጠብታ የሚሰማበት ቤት አለ። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል፤ በምግብ ማብሰያ፣ በሻወርና በሰው ትንፋሽ ከታች የወጣው እንፋሎት የኮርኒሱን ስንጥቅ አልፎ ቆርቆሮው ሆድ ላይ ጤዛ ይጥላል። መፍትሔው ቆርቆሮ መቀየር ሳይሆን ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ በሁለቱም ጫፍ አየር እንዲያገኝ ወንፊት ያለው ቀዳዳ ማበጀት ነው። ወንፊቱ የግድ ነው፤ አለዚያ የሌሊት ወፍ ይገባል።

አራተኛው ከመሬት ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድሩ ውሃ ከመሬቱ ገጽ ብዙ አይርቅም፣ በክረምትም ከፍ ይላል። ድሮ ሲሠራ መሠረቱና ግድግዳው መካከል ውሃ ከልካይ ያልገባበት ቤት ውሃውን እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይስበዋል። ምልክቱ ከወለሉ እስከ ወገብ ከፍታ ቀለሙ መላጡና ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት ማውጣቱ ነው። በተጨማሪም በብዙ ሰፈር መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ስላለ አሮጌዎቹ ግቢዎች ከመንገዱ ዝቅ ብለው ቀርተዋል፤ የጎርፉ ውሃ ወደ ግድግዳው ሥር ይመጣል። ይህ እርጥበት ቱቦውን በቀጥታ ባይነካውም የቤቱን አየር ያረጥበዋል፤ ያ አየር ደግሞ ከላይ ያልኩትን ቱቦ ያስልበዋል። ግድግዳውን እንዳለ በሲሚንቶ አስለስነው በዘይት ቀለም የሚቀቡ ብዙ ናቸው። እባክዎ ይህን አያድርጉ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከልስኑ በላይ ይወጣል እንጂ አይጠፋም።

ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ግልጽ ላስቲክ እርጥብ በሚመስለው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉና ሁለት ቀን ይተዉት። ውሃው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከተገኘ ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው፤ ወደ ክፍሉ ባለው ገጽ ላይ ከተገኘ ደግሞ የክፍሉ አየር ነው ያረጠበው። ኮርኒሱ ላይ ያለውን ጥቁረት ዳር ዳሩን በእርሳስ ያስምሩትና ቀኑን ይጻፉበት። ከዚያ ኤሲውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ሁለት ሳምንት ይቆዩ። በዝናብ ቀን ከመስመሩ አልፎ ከሰፋ ጣሪያው ነው፤ ዝናብ እየዘነበ ኤሲው ግን ጠፍቶ ካልሰፋ ቱቦው ወይም ሳህኑ ነው። የአየር እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ የሚያውሱዎት ሰው ካገኙ በእናትዎ መኝታ ቤት ያስቀምጡት፤ ከ60 በመቶ በታች መሆን ይኖርበታል፣ ከ30 እስከ 50 ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ባለሙያ ሲመጣ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ ወደ ኤሲው የሚመለሰውን የአየር መስመር እንዲያይልዎ ይጠይቁ። በአሮጌ ቤት ከሁሉ የከፋውን የማገኘው እዚያ ነው። የሚመለሰው መስመር አየር ይስባል፤ መጋጠሚያው ከላላ የሚስበው የክፍሉን አየር ሳይሆን ከኮርኒስ በላይ ያለውን ነው፤ የዓመታት አቧራ፣ የአይጥና የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበትን። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቱቦውን በወር በወር ቢጠርጉት ከላይ ያለውን እየሳበ መልሶ ይሞላል። መጋጠሚያዎቹ ለቱቦ በተሠራ ማጣበቂያ ወይም በአሉሚኒየም ፕላስተር መታተም አለባቸው፤ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር በሙቀትና በእርጥበት በጥቂት ጊዜ ይለቃል። የሌሊት ወፍ ኩስ ተጠራቅሞ ካገኙ በደረቁ እንዳያስጠርጉት፤ በሳንባ ላይ ሕመም የሚያመጣ ፈንገስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራው እንዳይነሣ በውሃ ረጥቦ፣ ጭምብል በለበሰ ሰው መነሣት አለበት።

ውሃው ከቆመና ጣሪያው ሥር ያለው ሁሉ ከደረቀ በኋላ ጠረጋው ይምጣ። በደንብ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚያደርግ ካወቁ ማን እንደሚያታልልዎ ለመለየት አይቸገሩም። መጀመሪያ መብራቱን ያጠፋል፣ ዕቃዎን ይሸፍናል፣ ከቱቦው ጋር ኃይለኛ የአየር መሳቢያ ያገናኛል። መሳቢያው አየሩን የሚመልሰው ወደ ቤት ውስጥ ከሆነ እጅግ ደቃቁን አቧራ የሚያስቀር ሄፓ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ አየሩ ወደ ውጭ መሄድ አለበት። የማይሠራበትን መውጫ ሁሉ ዘግቶ ቱቦው በሙሉ በመሳብ ላይ እያለ፣ በብሩሽና በተጨመቀ አየር ከሩቁ ጫፍ ጀምሮ ወደ መሳቢያው እያራገፈ ይመጣል። ይህ መሳብ ከሌለና ብሩሽ ብቻ ከሆነ አቧራውን ከቱቦ ወደ አልጋዎ ማዛወር ነው። ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ኮይሉን፣ ማራገቢያውን፣ ሳህኑንና የውሃ መውጫውን አብሮ ያጸዳል፤ ከእነዚህ አንዱ ከቀረ ሥራው አልተሠራም ማለት ነው። ለመግቢያ የቆረጠውን የላሜራ ቀዳዳ መልሶ በላሜራ ይዘጋል፣ ያትማል፣ ይጠቀልላል። ከሥራው በፊትና በኋላ የቱቦውን ውስጥ በስልኩ ፎቶ ያሳይዎታል። ዋጋውን በአየር መውጫ ቁጥር ብቻ የሚነግርዎትና ኤሲውን ራሱን የማይጠቅስ ከሆነ አይስማሙ።

ላሜራ ስለሆነ ይጸዳል፤ ጥጡ ግን አይጸዳም። ረጥቦ የሻገተ ፋይበር ግላስ፣ በውስጥም ሆነ በውጭ የተለበሰ፣ ተነሥቶ በአዲስ መተካት እንጂ መታጠብም መታከምም አይቻልም። ድርጅቱ ጥጡን ጨምሮ እንደሚረጨው ከነገረዎት ይህንኑ ይንገሩት። መድኃኒቱን የምቃወመው ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሞተ ሻጋታም አለርጂ ያስነሣል፤ ስለዚህ ገድሎ ቱቦው ውስጥ መተው ለእናትዎ ምንም አይፈይድም፤ ተጠርጎ መውጣት አለበት። ሁለተኛ፣ በቱቦ ውስጥ የተረጨ ነገር ኤሲው በተከፈተ ቁጥር አስም ወዳለበት ሰው አፍንጫ ነው የሚሄደው። ጠንካራ ሽታ ያለው ነገር በራሱ አስምን ሊቀሰቅስ ይችላል። በረኪናም ቢሆን በቱቦ ውስጥ ቦታ የለውም። ኮርኒሱ ላይ ያለው ጥቁረት አንድ ካሬ ሜትር የማይሞላ ከሆነ ጭምብልና ጓንት አድርገው በሳሙናና በውሃ አጥበው በደንብ ቢያደርቁት ይበቃል፤ ያበጠው ችፑድ ግን ተቆርጦ ይለወጥ።

የገንዘቡን ቅደም ተከተል በተመለከተ፣ በእኔ ግምት አሸንዳና ሳህን ማስተካከል ከሁሉ ርካሹ ነው፤ የቱቦውን መሸፈኛ ማሟላትና መጋጠሚያ ማተም ቀጥሎ ይመጣል፤ የግቢውን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ለብቻው ሥራ ነው። ጠረጋው የመጨረሻው ነው፤ አቅም ካነሰ መቅረት የሚገባውም እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምናልባት ሥራዬን የሚቃረን ይመስል ይሆናል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሐይቁም ነፋስ ይነሣል። ማረፊያ ቤት ለእንግዳ ሲል ኤሲ ሊያስፈልገው ይችላል፤ መኖሪያ ቤት ግን ፊት ለፊት የሚከፈቱ ሁለት መስኮቶችና የጣሪያ ማራገቢያ ካለው ያንን ሁሉ ቱቦ ተሸክሞ መኖር ግዴታው አይደለም። ጥጡ በአብዛኛው የሻገተ ሆኖ ከተገኘ፣ ከማደስ ይልቅ ቱቦውን በሙሉ አስነሥተው ቀዳዳዎቹን ቢያስደፍኑ እኔ አልከለክልዎትም፤ የገዛ እናቴ ቤት ቢሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

እስከዚያው ግን የእናትዎ ነገር አይቆይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ችግሮች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስቀምጧል፤ ሐኪማቸው ቤቱ እንደሻገተ ማወቅ ይገባቸዋል፣ ይንገሯቸው። ኤሲውን ዛሬውኑ ያጥፉት፤ በመኝታ ቤታቸው ያለውን የአየር መውጫ በላስቲክና በፕላስተር ይሸፍኑት። አልጋቸውንና ቁም ሳጥናቸውን ከውጭው ግድግዳ አንድ ክንድ ያርቁት፤ ከሣጥን ጀርባ አየር ሲታፈን ነው ሻጋታው የሚጀምረው። ልብስ በዚያ ክፍል አይሰጣ፣ ከሰልም አይግባበት። ከሰል ጭሱ ሳያንስ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ክፍሉን ለማድረቅ ብለው የሚያስገቡት ሰዎች ስላሉ ነው ይህን ማንሣቴ። ከተቻለም ኮርኒሱ ተከፍቶ ሥራው በሚሠራባቸው ቀናት እናትዎ ሌላ ቤት ይሰንብቱ።

ጊዜውን ከጠየቁኝ፣ የእርሳሱን መስመርና የላስቲኩን ሙከራ አሁን ዝናቡ ሳያልፍ ይሥሩት፤ ምንጩ የሚታየው ሲዘንብ ነው። አሸንዳውንና ሳህኑን በመስከረም ያስጨርሱ። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ ኮርኒሱ ተከፍቶ ከላይ ያለው እንጨትና ቱቦ ነፋስ ይምታው፤ መሸፈኛው የሚቀየረውና ቱቦው የሚጠረገውም ያን ጊዜ ነው። ድርጅቱ ቀጠሮ ካስያዝዎት ለጥር ያዛውርልዎት፤ እስከዚያ ግን ሰው ልኮ የሳህኑንና የክርኖቹን ፎቶ እንዲያነሣልዎ ይጠይቁት።